ቁጥሩን ተዉት፣ ስህተቱን ጻፉ

ሥራዬ ድምፅ መቅረጽና ማስተካከል ነው። አንድ ቀን ቃለ መጠይቅ ከዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ ከሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ወደ ፍላክ (ድምፁን ሳያጎድል ወደሚጨምቅ) ስቀይር ፋይሉ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አሥረኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበረች። «አክስቴ፣ የጎደለው ድምፅ የት ሄደ?» አለችኝ። ምንም አልጎደለም። ይህን ለማሳየት እርሳስና ደብተር በቂ ነው፤ እናንተም ሞክሩት።

እነዚህን ቁጥሮች ጻፉ፦ 100፣ 104፣ 109፣ 113፣ 116፣ 118፣ 119፣ 119። ሽቅብ የሚወጣ የድምፅ ሞገድ ሲለካ እንዲህ ይመስላል። ሲዲ ላይ እንዲህ ያለ ልክ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይመዘገባል። የኛን ቁጥሮች እንዳሉ ብናስቀምጣቸው ለእያንዳንዱ 7 ቢት (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትይዝ ትንሿ የመረጃ ቦታ ናት) ያስፈልጋል፤ በድምሩ 56።

አሁን አንድ የግምት ሕግ እንያዝ፦ ቀጣዩ ቁጥር ባለፈው እርምጃ ልክ ይቀጥላል። ከ100 ወደ 104 የተሄደው 4 ነው። ስለዚህ 108 እንጠብቃለን። የመጣው ግን 109 ነው። እሱን አትጻፉት፤ +1 ብቻ ጻፉ። ከ104 ወደ 109 ደግሞ 5 ነው፤ 114 ጠበቅን፣ 113 መጣ፤ −1። እንዲህ እያላችሁ ጨርሱት። ወረቀቱ ላይ 100፣ 104፣ +1 እና አምስት −1 ይቀራሉ። ስህተቱ ወይ +1 ወይ −1 ስለሆነ ለእያንዳንዱ 1 ቢት ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ጨምሮ 20 ቢት ሆነ ማለት ነው።

ወረቀቱን ለሌላ ሰው ስጡና ሕጉን ንገሩት። እየገመተ፣ ስህተቱን እየደመረ ሁሉንም ቁጥሮች መልሶ ያገኛቸዋል። ፍላክም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅ ሦስተኛውን ስህተት −1 ሳይሆን +1 ብላ አነበበችው። 116 የነበረው 118 ሆነ። ቀጥሎ 122፣ 125፣ መጨረሻ ላይ 127። እውነተኛው 119 ነበር! አንዲት ምልክት ስትሳሳት ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ እየራቀ ይሄዳል። ፍላክ ድምፁን በየክፍሉ ቆራርጦ፣ የየክፍሉን መጀመሪያ ቁጥሮች እንዳሉ የሚጽፈው ለዚህም ይጠቅማል፤ ጥፋቱ ከክፍሉ አያልፍም።

ሌላም ሞክሩ። 116ን ወደ 150 ቀይሩት፤ ቀረጻ መሐል በር ድንገት ሲዘጋ እንደማለት ነው። ስህተቶቹ +33፣ −69፣ +33 ይሆናሉ። ያልተጠበቀ ነገር ቦታ ይበላል፤ የተጠበቀው ግን ከሞላ ጎደል በነፃ ያልፋል።

በአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ፒተር ኢላያስ ይህን መንገድ በ1955 አሳትሞታል። በ1982 ስሪኒቫሳን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሬቲናም (ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ይህን ያደርጋል አሉ፦ ሴሉ የጎረቤቶቹን አማካይ እንደ ግምት ወስዶ ልዩነቱን ያስተላልፋል። ነገሩ ትርጉም ይሰጣል። ዓይን ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት ክሮች ግን 1 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በ1999 ተመራማሪዎቹ ራጄሽ ራኦና ዳና ባላርድ ሐሳቡን ወደ አንጎል አሻገሩት፦ ከላይ ግምት ይወርዳል፣ ከታች ስህተት ይወጣል። ይሄኛው ገና ክርክር ያለበት ንድፈ ሐሳብ ነው። እኔን ግን በጣም ይማርከኛል፤ መብራት ጠፍቶ ደረጃ ስንወርድ፣ የሌለ አንድ ደረጃ የጠበቀ እግር እንዴት እንደሚደነግጥ ሁላችንም እናውቃለን።

አንጎል ሲገምት ለማየት ደብተሩን አትዝጉት። በግራ በኩል የመደመር ምልክት፣ ከሱ በስተቀኝ 8 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ወፍራም ነጥብ አድርጉ። ነጥቡን ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ መስመር ጨምሩ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑና በቀኙ ምልክቱን ብቻ እያያችሁ ደብተሩን ከዓይናችሁ 30 ሳንቲሜትር ገደማ አርቃችሁ ያዙት፤ ትንሽ አቅርቡ፣ ትንሽ አርቁ። ነጥቡ የሚጠፋበት ርቀት አለ፤ ያኔ የነጥቡ ምስል የሚያርፈው የዓይን ነርቭ የሚወጣበት፣ ብርሃን ተቀባይ የሌለበት የሬቲና ቦታ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ሦስቴ ደጋገመችው። ነጥቡ ሦስቴም ጠፋባት። መስመሩ ግን አንዴም ተቆርጦ አላየችውም።