ወክ ብቻውን አይበቃም፦ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ስፖርት ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

«በየቀኑ ወክ አደርጋለሁ፤ ስኳሬ ግን አልወርድ አለ።»

ይህን ቃል በሥራዬ በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በቡድን ስፖርት አሠራለሁ። አብዛኞቹ በሽታው ከጎለመሱ በኋላ የመጣባቸው ናቸው። ሰነፎች አይደሉም። በማለዳ ተነስተው፣ ብርዱን ችለው ይመጣሉ። እንዲህ የሚለፋ ሰው ልፋቱ ሲባክን ሳይ ያመኛል።

ወክ ብቻ ማድረግ

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ወክ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ የግድ ያስፈልጋል። ችግሩ እዚያ ላይ መቆሙ ነው። ሐኪም «እንቅስቃሴ አድርጉ» ሲል ሁሉም ሰው የሚሰማው «ተራመዱ» የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ጡንቻ የሚነግራቸው የለም።

የበላነው ምግብ ወደ ስኳርነት ተቀይሮ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ትልቁን ድርሻ ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ጎተራ ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይቀንሳል። እህሉ ያው ነው፣ ጎተራው ግን ጠበበ። የተረፈው የት ይሂድ? ደም ውስጥ ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። ጡንቻ በሚሠራበት ሰዓት ያለ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን) እርዳታም ስኳር ከደም ይወስዳል። ኢንሱሊኑ በደንብ አልሠራ ላለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሉዊዚያና ውስጥ ነው የተሠራው። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው 262 ሰዎች ለዘጠኝ ወር ተከፋፍለው ሠሩ። አንዱ ቡድን እርምጃ ብቻ፣ ሌላው ክብደት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም፣ አራተኛው ምንም። ስፖርት የሠሩት የሦስቱ ቡድኖች ሰዓት ተቀራራቢ ነበር። ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ (HbA1c የሚባለው ምርመራ) በግልጽ የወረደው ሁለቱን ያቀላቀለው ቡድን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በ2007 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንደሚጠቅሙ፣ ሲጣመሩ ግን እንደሚበልጡ አሳይቷል።

ይህን ስናገር ወዲያው የሚመጣልኝ መልስ «በዚህ ዕድሜዬ ብረት ላነሳ?» የሚል ነው። ብረት ማን አለ? ከወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በሉ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ፑሽ አፕ ሥሩ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ አንሱ፤ ሁለት ኪሎ ነው። ሲቀላችሁ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አለ። እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ደጋግሙት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ሊከብዷችሁ ይገባል። ካልከበዳችሁ ውሃ ጨምሩ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሀል ቀን እያሳረፋችሁ።

አንዲት የ62 ዓመት እናት ሲመጡ፣ ከወንበር የሚነሱት በሁለት እጃቸው ተደግፈው ነበር። ለሁለት ሳምንት ያሠራኋቸው ያንኑ መነሳት ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ገና ከበሩ ላይ ሆነው «ልጄ፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ማንም ሳይደግፈኝ ገባሁ» አሉኝ። ስኳራቸውም ወርዷል። እሳቸው ግን መጀመሪያ የነገሩኝ የታክሲውን ነው።

በባዶ ሆድ መሥራት

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ አባት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቡድኑ ጋር እየሠሩ ነበር። በጣም አላባቸው። እኔ ስፖርቱ የሠራላቸው መስሎኝ «ጎበዝ፣ በርቱ!» አልኳቸው። ከዚያ የጠየቅኳቸውን ትተው ሌላ ነገር መመለስ ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስኳራቸውን ስንለካ 52 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ነው። ስኳር የሚያወርደውን ኪኒን፣ ግሊቤንክላማይዳቸውን ውጠው፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡት። «ስፖርት በባዶ ሆድ ነው» ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። እኔም ሳልጠይቃቸው አስጀመርኳቸው። ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናቸውና ወደ ራሳቸው ተመለሱ። ያቺን ጠዋት አልረሳትም። ከዚያ ወዲህ ሳይለካ የሚጀምር ሰው የለኝም።

ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ተለኩ። ከ90 በታች ከሆነ አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ብሉ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ብቻ ለሚወስድ ሰው የመውረዱ አደጋ አነስተኛ ነው። በመሀል ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ አቁሙ። ከ70 በታች ከወረደ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ጠጡ። ስኳር አልባው ለስላሳ አያድናችሁም። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ተለኩ። ቸኮሌት አትጠቀሙ፤ ቅባቱ ያዘገየዋል። ጠንከር ያለ ስፖርት በሠራችሁበት ቀን ማታም ሊወርድ ስለሚችል ከመተኛታችሁ በፊት ተለኩ።

ወክ ከመውጣታችሁ በፊት ጭናችሁ ላይ ኢንሱሊን አትውጉ። እግር ሲሠራ ቶሎ ይሰራጫል።

ጾም ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው፣ ረፋዱ ላይ ስፖርት ልሥራ ሲለኝ አልፈቅድለትም። የሰሙነ ሕማማት ስግደት ራሱ ከባድ ሥራ ነው፤ መቶ ጊዜ የሰገደ ሰው መቶ ጊዜ ወርዶ ተነስቷል። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት አትሥሩ፤ ከበላችሁ በኋላ አድርጉት፣ ተራዊሕንም ከእንቅስቃሴው ቁጠሩት። የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ግን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ጨርሱ።

የሳምንቱን ሁሉ ቅዳሜ ላይ መክፈል

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጥቶ ሁለት ሰዓት መራመድ ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ ስፖርት ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ የሚያደርገው ለአንድ፣ ቢበዛ ለሦስት ቀን ነው። ማክሰኞ ላይ የቅዳሜው አልቋል። ከሁለት ቀን በላይ አታቋርጡ። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ከርመው ኅዳር ሲመጣ ቲሸርቱን ገዝተው ታላቁ ሩጫ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ልሩጥ የሚሉም አሉ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ይህ ለልብ ቀላል አይደለም። ከስኳሩ ጋር ግፊት ካለ ደግሞ ይብሳል። ከሐምሌ ጀምሩ።

ከእራት በኋላ ወዲያው መቀመጥ

10 ደቂቃ ብቻ ግቢ ውስጥ ተመላለሱ። ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2016 የወጣ ጥናት፣ ከየምግቡ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ በቀን አንዴ 30 ደቂቃ ከመራመድ ይልቅ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር በ12 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። ከእራት በኋላ ያለው ልዩነት ደግሞ የበለጠ ነበር። የኛ ትልቁ ማዕድ ብዙ ጊዜ ማታ ነው።

እግርን አለማየት

አንድ ሰው ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ተራምደዋል። አልተሰማቸውም። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ወስዶታል። ቤት ገብተው ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ደም አዩ። ያ ቁስል እስኪድን ወራት ፈጀ። ጫማችሁን ከማድረጋችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ። ውስጥ እግራችሁን ማታ በመስታወት እዩ፣ ወይም ልጆቻችሁ ይዩላችሁ። በባዶ እግር አትሥሩ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ያኔ እግር ትንሽ ያብጣል፣ ልኩም አይሳሳትም።

ትንፋሽ ይዞ ማንሳት

ስታነሱ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ። ትንፋሽ ሲያዝ የደም ግፊት በድንገት ይወጣል። ስኳሩ የዓይን ደም ስሮችን ጎድቷል የተባላችሁ፣ የዓይን ሐኪም ሳይፈቅድ ከባድ አታንሱ፣ ራሳችሁንም ወደ ታች አትዘቅዝቁ።

የልብ ምት መቁጠር ላይ መጣበቅ

አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒት ምቱ እንዳይጨምር ያደርጋል፤ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልኩ ላይ ናችሁ።

ስኳሩ ሲወርድ መድኃኒት ማቆም

ጎበዞቹ የሚሠሩት ስህተት ይሄ ነው። አራት ወር ሠርተው ቁጥሩ ሲያምር ኪኒኑን ራሳቸው ይተዋሉ። ተመልሰው ሲመጡ ስኳሩ ከጀመሩበት በልጦ ያገኘሁባቸው ሰዎች አሉ። መጠኑ ሊቀነስ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይቀነሳል፤ የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ነው። በቀጠሮ ቀን የልኬት ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ቀን እንደምትራመዱ፣ ስንት ኪሎ እንደምታነሱ፣ ስኳራችሁ በየትኛው ሰዓት እንደሚወርድ ጽፋችሁ አሳዩት።