የእናቴ የዶሮ ሾርባ፦ ለታመመና ለአራስ የሚሆን አሠራር

በቤታችን ለበዓል ዶሮ ሲበለት እናቴ አስቀድማ የምትጠይቀው ጉንፋን የያዘው ወይም ሆዱን ያመመው ሰው እንዳለ ነበር። ካለ፣ አንገቱን፣ ክንፎቹንና ጀርባውን በርበሬ ሳይነካቸው ለይታ በትንሽ ድስት ትጥድለታለች። ታላቅ እኅቴ በወለደች ጊዜ ግን ዶሮው በሙሉ ለሾርባ ዋለ፤ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ አረፋውን እንድገፍ የታዘዝኩት እኔ ስለነበርኩ አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

ዶሮ ወጥ መሥራት የለመደ ሰው ሾርባ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እጁ ስለማያርፍ ነው። ወጥ ሽንኩርቱን በማቁላላትና ደጋግሞ በማማሰል ይጣፍጣል፤ ሾርባ ግን አንዴ ከተጣደ በኋላ ሳይማሰልና እሳቱ ሳይጨመር መተው ይፈልጋል። እናቴ የምትቆጣው ሌላው ሁሉ ቀርቶ ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ገብቶ ሲያማስል ስታይ ነበር።

ዋናው ነገር የዶሮው ምርጫ ነው። ለወጥ አውራ ዶሮ ይመረጣል፤ ለሾርባ ግን እንቁላል መጣል ያቆመች፣ ዕድሜዋ የገፋ የሐበሻ ዶሮ የሚተካከላት የለም። ስትጭርና ስትንቀሳቀስ የኖረች ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ፣ መገጣጠሚያዎቿም በጅማት የተሞሉ ናቸው፤ ይህ ጅማት በለስላሳ እሳት ቀስ እያለ ሲሟሟ ነው መረቁ ወፈር የሚለውና ከንፈር ላይ የሚጣበቀው። በስድስትና በሰባት ሳምንት የሚደርሰው የፈረንጅ ዶሮ ሥጋው ቶሎ ቢበስልም መረቁ ቀጭን ይሆናል። ሌላ ከሌለ በእርሱም መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ተጨማሪ አንገትና ክንፍ ገዝቶ መጨመር ያስፈልጋል። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ሥጋ ሻጩን ለሾርባ የሚሆን አሮጌ ዶሮ እንዳለው ብትጠይቁ ይሻላል፤ በተለይ የሐላል ሥጋ ቤቶች አንዳንድ ጊዜ አያጡም።

ላባው ከተነጨ በኋላ በነበልባል ይለበለባል። ለወጥ ሲሆን ቆዳው ሙሉ በሙሉ ይገፈፋል፤ እናቴ ግን ለሾርባ የክንፉንና የአንገቱን ቆዳ ትተወዋለች፤ በሆድ ዕቃው ዙሪያ የሚገኘውን ቢጫ ስብም አትጥልም። ለወጥ እንደሚደረገው አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት አያስፈልግም፤ ጭኖቹ፣ ክንፎቹ፣ ፈረሰኛው፣ ጀርባውና አንገቱ ተለያይተው ቢወጡ ይበቃል። አጥንቱ እንዲሰነጣጠርም አይፈለግም፤ ስብርባሪው በልጅና በሕመምተኛ ጉሮሮ ላይ አደጋ ነው። በሎሚና በጨው ማጠብ ልማዳችን ነው፤ ሆኖም ሎሚው ቆይቶ ሥጋው ውስጥ ከሰረገ መረቁን ስለሚያኮመጥጠው አሸት አሸት አድርጎ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ማለቃለቅ ነው። ውሃው ወደ ሌላ ምግብ እንዳይረጭ ጥንቃቄ ማድረግ፣ ከዚያም መክተፊያውንና ቢላዋውን በሳሙና ማጠብ ይገባል።

ለአንድ ኪሎ ግራም ያህል ለሚመዝን የተበለተ ዶሮ 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ውሃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሥጋው ከውሃው ጋር አብሮ ቀስ ብሎ ሲሞቅ አረፋው ወደ ላይ ተሰብስቦ ይወጣልና ለመግፈፍ ይመቻል። የፈላ ውሃ ላይ ከተጨመረ ግን አረፋው ተበትኖ መረቁን ያደፈርሰዋል። ድስቱ መካከለኛ እሳት ላይ ሳይከደን ይጣድና ግራጫ አረፋ መውጣት ሲጀምር በጭልፋ አናቱን ብቻ እየገፈፉ ማስወገድ ነው። ይህ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አረፋው ሲያባራ እሳቱ ይቀነስና ድስቱ ገርበብ ተደርጎ ይከደናል፤ ከዚህ በኋላ ከዳር በኩል አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቅ ከማለት በላይ መንተክተክ የለበትም። በኃይል ከፈላ ስቡ ከውሃው ጋር ተደባልቆ መረቁ ነጭና ከባድ ይሆናል፤ ሆዱን ለታመመ ሰው ደግሞ ይህ አይስማማም።

በዚህ ጊዜ ለሁለት የተከፈለ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ይጨመራሉ። ስምንት ወይም አሥር ፍሬ ቁንዶ በርበሬም ሳይፈጭ ይገባል። ጨው አሁን አይደረግም፤ ውሃው እየተነነ ስለሚቀንስ አሁን የበቃ የሚመስለው ጨው በመጨረሻ ይበዛል።

ፈረሰኛው ከሌላው ሥጋ ቀድሞ ይደርሳል። ሹካ ሲወጋው ሳያስቸግር የሚገባ ከሆነና ውስጡ ምንም ሮዝ ቀለም ከሌለው አውጥቶ ማስቀመጥ ነው፤ እስከ መጨረሻ ከተተወ እንደ ጭድ ይደርቃል። የቀረው በድስቱ ይቆያል። አዲስ አበባ ላይ ለሐበሻ ዶሮ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ጊዜ ለሁሉም ቦታ እንደማይሠራ የገባኝ ዱባይ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ በዚሁ ሰዓት ሠርታ ሥጋው ሁሉ ከአጥንቱ ተልቆ እንደጠበቃት በስልክ ስትነግረኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ በቆላና በባሕር ዳርቻ የምትኖሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጀምራችሁ ሥጋውን መፈተሽ ይኖርባችኋል። ሰዓቱ መገመቻ እንጂ ዳኛ አይደለም፤ የጭኑ ሥጋ በማንኪያ ሲነካ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ያን ጊዜ በስሏል።

የበሰለው ሥጋ ይወጣና መረቁ በወንፊት ይጠለላል፤ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ጣዕማቸውን ሰጥተው ስለጨረሱ ይጣላሉ። 2 ሊትር ያህል መረቅ መቅረት አለበት። የተጠለለው መረቅ ወደ ድስቱ ተመልሶ ግማሽ የቡና ሲኒ የታጠበ ቂንጬ ይጨመርበታል። እኛ ቤት ቂንጬ የሚገባው መረቁን ሳያደፈርስ ሆድ ስለሚይዝ ነው፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ሾርባ የለመዱ ጎረቤቶቻችን ደግሞ አጃ ይመርጣሉ፤ አጃው ወፍራምና ልስልስ ያደርገዋል፤ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ እኔም አጃውን እመርጣለሁ። ቂንጬው አሥር ደቂቃ እንደበሰለ በትንንሹ የተከተፉ ሁለት ካሮትና አንድ ድንች፣ በቀጭኑ የተቆረጠ አንድ ባሮ ሽንኩርትም ይከተላሉ። አትክልቱ ከዚህ ቀድሞ ከገባ ሟሙቶ ይጠፋል። ሃያ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ከአጥንት ተለይቶ የተዘለዘለው ሥጋ ይመለስና ጨው የሚደረገው አሁን ነው፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ተጀምሮ እየተቀመሰ ይጨመራል። ከእሳት ሊወርድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጭብጥ ጦስኝ ጣል ይደረግበታል። ጦስኙ ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ተኖ ምሬቱ ብቻ ይቀራል።

ለአራስ ሲቀርብ እናቴ በሳህኑ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ታደርግበታለች። ትኩሳት ላለበት ሰው ግን ቅቤው ቀርቶ ላይ ላዩ የሰፈፈው ስብም በማንኪያ ተነሥቶለት፣ ጥቂት ሎሚ ተጨምቆበት ይሰጣል፤ መብላት ካልቻለ መረቁን ብቻ በብርጭቆ ፉት ይላል። ለብቻው ይጠጣ እንጂ በእንጀራ አይመከርም፤ ከተፈለገ የቤት ዳቦ አብሮት ይስማማል።

የተረፈው በክፍት ሳህን በቶሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረግና በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ከሦስት ቀን በላይ አላስቀምጠውም። በማግስቱ ማለዳ እንደ ማር ረግቶ ካገኛችሁት ዶሮዋም እሳቱም ደህና ነበሩ ማለት ነው፤ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀድታችሁ ፍልቅ እስኪል አሙቁት፤ የቀረውን ሳታነቃንቁ ወደ ቦታው መልሱት።