ላዳ፣ ቆርቆሮ እና የጭቃ ቤት፦ በዳዮራማ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ልስኑ የረገፈ የጭቃ ቤት። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሰፈር በዳዮራማ (አንድን ቦታ አሳንሶ በሚያሳይ ሞዴል) ላስቀር የሚል ሰው ቢበዛ አይገርምም። ሥራው ግን ከሩቅ ያምርና ጠጋ ሲሉት ዝገቱ ከየት እንደመጣ፣ ጭቃው እዚያ ድረስ እንዴት እንደወጣ ግራ ያጋባል። እድፍ ሁሉ መነሻ አለው፤ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ እጅ ወይም እግር። መነሻውን መናገር ካልቻሉ ብሩሹን ባያነሱት ይሻላል።

ልኬት መቀላቀል

የላዳ ሞዴል ሲፈልጉ በብዛት የሚያገኙት 1፡43 ልኬት ያለውን (ከእውነተኛው 43 ጊዜ ያነሰውን) የብረት መኪና ነው፤ ሶቪየቶችም በዚሁ ልኬት ያመርቱት ነበር። 4.07 ሜትር የሚረዝመው ላዳ 2101 በዚህ ልኬት 9.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጣጣው የሚመጣው አጠገቡ የሚቆም ሹፌር ሲፈለግ ነው። ገበያውን የሞሉት የሰው ምስሎች ለታንክ ሞዴሎች የተሠሩ የ1፡35 ናቸው (ይህም ልኬት የጃፓኑ ታሚያ ሞተርና ባትሪ የሚይዝ ታንክ ሲሠራ የመጣ እንጂ በስሌት የተመረጠ አይደለም)። በ1፡35 የ1.70 ሜትር ሰው 4.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ1፡43 ላዳ አጠገብ ሲያቆሙት ግን ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ግዙፍ ሰው ይሆናል። ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ የኦ ልኬት ባቡር ሞዴሎች የሚሠሩት ምስሎች 1፡43.5 ስለሆኑ ያለ ችግር ይገጥማሉ። ከዚያ በኋላ በሩንም፣ መስኮቱንም፣ ጀሪካኑንም ለ43 ያካፍሉ። የሁለት ሜትር በር 4.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዓይን ግምት የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ያሳንሰዋል ወይም ያስረዝመዋል።

ቆርቆሮውን በሙሉ ማዛግ

አብዛኛው ዳዮራማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ቆርቆሮ ሲያይ ብርቱካናማ ቀለም ያነሳና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለቀልቀዋል። የቤት ቆርቆሮ ግን ዚንክ የለበሰ ብረት ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው ዚንኩ ነው፤ ሲያረጅ ብልጭታው ይጠፋና ደብዛዛ ግራጫ ይሆናል፤ ብረቱ ገና አልተነካም። ዝገቱ የሚጀምረው ዚንኩ በተቆረጠበት ወይም ውሃ በሚተኛበት ቦታ ነው፦ በምስማር ቀዳዳ፣ በተቆረጠ ጫፍ፣ ሁለት ቆርቆሮ በተደራረበበት፣ መሬት በነካው ግርጌ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምስማር ወደታች ቀጭን መስመር ይወርዳል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ግን ግራጫ እንደሆነ ይቆያል።

ቆርቆሮውን ለመሥራት የሚጣል የምግብ ማሸጊያ አልሙኒየም ከበቂ በላይ ነው። የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1፡43 ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ብሎን (M12) ጥርሶች ደግሞ በ1.75 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ! አልሙኒየሙን ለስለስ ባለ ጎማ ላይ ዘርግተው ብሎኑን ጫን እያደረጉ ያንከባሉበት።

ዝገቱን ሲቀቡ ከጥቁር ቡና ዓይነት ቀለም ይጀምሩ፤ በተቀደደ ስፖንጅ ጠብ ጠብ ያድርጉት። ደማቁ ብርቱካናማ የአዲስ ዝገት ቀለም ነው፤ በጣም ትንሽ ብቻ ይበቃል። ለመስመሩ ከምስማሩ ሥር የሠዓሊ ዘይት ቀለም ነጥብ ያስቀምጡና በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በረጠበ ብሩሽ ወደታች ይሳቡት። ወደ ጎን የሄደ የብሩሽ ምልክት ሁሉንም ያጋልጣል። አንድ ብቻ የሚፈቀድ ነገር አለ፦ ከፈረሰ ጣሪያ ተነቅሎ ወደ ጎን ተጋድሞ አጥር የሆነ ቆርቆሮ። የድሮው ዝገት መስመር ወደ ጎን ይሆናል፤ የድሮ ምስማር ቀዳዳዎቹም ምንም በሌለበት ቦታ ይታያሉ። ከአምስት ቆርቆሮ አንዱን እንዲህ ቢሠሩት ሰፈሩ ታሪክ ያለው ይመስላል።

ታክሲውን የወደቀ መኪና ማስመሰል

የሚሠራ ታክሲ ይታጠባል። ፀሐይ ጣሪያውንና ኮፈኑን አደብዝዛለች (አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት)፣ አንዱ ፓራፋንጎ ተገጭቶ ከሌላው በማይመሳሰል ሰማያዊ ተቀብቷል፣ ጭቃው ከበሩ ግርጌ አላለፈም። ዝገት ካስፈለገ በጎማው ዙሪያና በበሮቹ ታች ብቻ። ቀለሙ የተላጠ እንዲመስል ሥሩን የዝገት ቀለም ይቀቡ፣ የፀጉር ስፕሬይ ያልብሱት፣ ላዩን አክሪሊክ ይቀቡና ሲደርቅ በውሃ በረጠበ አሮጌ ብሩሽ ይፈትጉት። ላዩ አክሪሊክ ካልሆነ ግን ውሃው ስፕሬዩ ጋ ስለማይደርስ አይሠራም።

ጭቃና አፈር ያለ ልክ

ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታ ግድግዳው ላይ ጭቃ የሚረጨው እስከ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሞዴሉ 1.2 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ያለው ልስን ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ በጭስ ይጠቁራል፤ በጭቃ ግን አይበከልም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር መሬቱ ላይ ጠብታ የቆፈረውን ቀጥ ያለ መስመርም አይርሱ። ለጭዱ እውነተኛ ጭድ በጣም ወፍራም ነው፤ የተፈተለ ቃጫ በመቀስ አድቅቀው ከጀሶው ጋር ያቡኩት።

አፈር ከግቢ መውሰድ ይቻላል፤ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ጠጠር በ1፡43 የእንቁላል ያህል ድንጋይ ነው። በምጣድ ያድርቁት፣ በሻይ ማጥለያ ያጥልሉት፣ የቀረውን ይውቀጡት (በቤቱ የቡና ሙቀጫ ከሆነ አስፈቅደው)። ኮላ ሲነካው ስለሚጠቁር ከሚፈልጉት ገርጣ ያለ አፈር ይምረጡ።

ቲነርና ቫርኒሽ

ቲነር ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ፎም ይበላል፤ በቆርቆሮ የሚሸጥ የመኪና ስፕሬይም ፎሙን እንዲሁ ያደርገዋል። ፎም ላይ ኮላና በውሃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ ይጠቀሙ። የተፈጨ ጠመኔ ለአቧራ ጥሩ ነው፤ ቫርኒሽ ከላይ ሲረጩበት ግን ግማሹ ስለሚጠፋ ቫርኒሹን አስቀድመው ረጭተው ጠመኔውን በመጨረሻ ይነስንሱ።

ከላይ ብቻ እያዩ መጨረስ

የቆመ ሰው ዓይን በዚህ ልኬት ከመሬት 3.7 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ስልክዎን ገልብጠው ካሜራው ወደ መሬቱ እንዲቀርብ ያድርጉና በዚያ ከፍታ ፎቶ ያንሱ። መጀመሪያ የሚያዩት በግድግዳውና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ ቤቱ ተንሳፍፎ ይታያል። አጥሩም፣ የላዳው ጎማም እንዲሁ። ክፍተቱን በተነፋ አፈርና በቀጠነ ኮላ ሞልተው እንደገና ያንሱ።