የጓሮ ኩሬ አረንጓዴ እንዳይለብስ፦ የገብስ ገለባ አጠቃቀም

ክረምቱ ሲያበቃ የጓሮ ኩሬ ጎመን የተቀቀለበት ድስት ይመስላል። ጎርፉ ከበረትና ከማሳ ፍግና ማዳበሪያ ጠርጎ ይገባል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያለብሰው አልጌ የሚባለው ጥቃቅን ነገር ደግሞ በፍግና በማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ካገኘ ማን ይችለዋል! ጣና ላይ እምቦጭን የሚያፋፋውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ምንጩን ዝጉ። ከኩሬው በላይ በኩል ቦይ ቆፍራችሁ ጎርፉን አስቀይሱ፤ ዳር ዳሩን ሳር ይብቀልበት። ይህን ሳታደርጉ ገለባ መጨመር በተቀደደ ጆንያ እህል መስፈር ነው።

ቀጥሎ ክንዳችሁን ውሃው ውስጥ ክተቱ። ክርናችሁ ሳይጠልቅ መዳፋችሁ ከጠፋባችሁ አልጌው በዝቷል። ክርን ላይ ሲደርስ ከጠፋ ግን ተዉት፤ ቆሮሶ ዓሣ የምታረቡ ከሆነ አልጌው ምግቡ ነው።

አሁን ደረቅና ያልሻገተ የገብስ ገለባ አዘጋጁ። ለ1 ካሬ ሜትር የውሃ ገጽ 25 ግራም ገደማ ይበቃል። 10 በ6 ሜትር ለሆነ ኩሬ 1.5 ኪሎ መሆኑ ነው። «ይህቺ ብቻ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይህቺ ብቻ። ገለባ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። ካበዛችሁት ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ላይ ላይ ሲያለከልኩ ታገኟቸዋላችሁ።

ገለባውን በሽንኩርት መረብ ጆንያ ሳትጠቀጥቁ ክተቱ። ውሃና አየር መሃሉ ድረስ ይግባ፤ የታጨቀ ገለባ ይሸታል እንጂ አይሠራም። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ክዳናቸውን አጥብቃችሁ አብራችሁ ጨምሩ፣ እንዳይሰምጥ። ከዚያ በገመድ ከድንጋይ ጋር እሰሩት።

ገለባው ያለውን አልጌ አይገድልም፤ አዲሱን ነው የሚያፍነው። እንዴት እንደሚሠራ በትክክል አልተረጋገጠም፤ ገለባው ሲበሰብስ አልጌን የሚገታ ንጥረ ነገር እንደሚለቅ ይታሰባል፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያንም ናይትሮጂኑን ከአልጌው ጋር ሊሻሙ ይችላሉ። ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ በ2 ሳምንት ገደማ ለውጥ ይታያል፤ ደጋ ላይ ግን እስከ 2 ወር ትዕግሥት ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ምንም የማይለወጥ ኩሬም አለ። ውሃው ላይ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ሰማያዊ አረንጓዴ ቅባት ካያችሁ ደግሞ ከብት እንዳይጠጣው፤ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማውጣቱን ነው። ገለባው ፈርሶ እዚያው ከቀረ የያዘውን ሁሉ መልሶ ለውሃው ያስረክባል። ስለዚህ 6 ወር ሳይሞላው፣ ሳይፈራርስ ጎትታችሁ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት። ጆንያው ታጥቦ ለቀጣዩ ዙር ይሆናል።