የይለፍ ቃል ባዶ ሲሆን የሚያስገባ የኤልዳፕ መግቢያ፦ ምክንያቱና መፍትሔው

የዌብ መተግበሪያው ተጠቃሚዎችን በኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች መዝገብ በሚጠየቅበት ፕሮቶኮል) ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ማለትም ከማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ ያረጋግጣል። ትክክለኛ ስም ጽፎ የይለፍ ቃሉን ባዶ የተወ ሰው ግን ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። የተሳሳተ ቃል ሲጻፍ የዳይሬክተሪው ሰርቨር ስህተት 49፣ ማለትም «የመግቢያ መረጃው ልክ አይደለም»፣ ይመልሳል፤ በሙከራ ጊዜ ሳይታይ ያለፈው ለዚህ ነው።

ስም ኖሮት የይለፍ ቃል የሌለው ባይንድ (የኤልዳፕ የመግቢያ ጥያቄ) የኤልዳፕን ማረጋገጫ በሚደነግገው ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 4513፣ «ያልተረጋገጠ ባይንድ» ይባላል። ሰርቨሩ ጠያቂውን እንደማይታወቅ እንግዳ ተቀብሎ 0፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ይመልሳል። የመተግበሪያው ኮድም 0ን ብቻ አይቶ በሩን ይከፍታል።

መፍትሔው ከባይንድ በፊት የሚገባ አንድ መስመር ነው፦ የይለፍ ቃሉ ርዝመት 0 ከሆነ ወዲያው ውድቅ ይደረግ። ቦታው በመተግበሪያው ሰርቨር ላይ ያለው ኮድ ነው፤ በብራውዘር ላይ ያለን ማጣሪያ ማንም ያልፈዋል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ጀምሮ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ራሱ እንዲህ ያለውን ባይንድ እንዲከለክል ማዘዝ ይቻላል፤ ኦፕንኤልዳፕ የተባለው ሌላ የኤልዳፕ ሰርቨር ሳይታዘዝም ይከለክላል። ያም ሆኖ የኮዱን መስመር አታንሱት።