ቋንቋቸው ከሐኪሙ ለሚለይ አረጋዊ ወላጅ የአእምሮ ጤና ቀጠሮ ማዘጋጀት

ከአናሳ ማኅበረሰብ የሆኑ አረጋውያን ብዙ ጊዜ «ጨንቆኛል» ብለው ወደ ሐኪም አይሄዱም። የሚሉት «ውስጤን ያቃጥለኛል»፣ «ጉልበት ከዳኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው። ሐኪሙ ማስታገሻ አዝዞ ይሸኛቸዋል፤ ድባቴው ሳይታይ ይቀራል።

ከቀጠሮው በፊት ለ2 ሳምንት ስለ ወላጅዎ ማስታወሻ ይያዙ፦ ለስንት ሰዓት ተኙ፣ ምን በሉ፣ የሚወዱትን ምን ነገር ተዉ። የድባቴ መጠይቆች በአብዛኛው የሚጠይቁት ስላለፉት 1 ወይም 2 ሳምንታት ነው። «ልቤን ይከብደኛል» ካሉ እንዲሁ ይጻፉት፤ «ድባቴ ነው» ብለው አይተርጉሙላቸው። ወላጅዎ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ መደናገር ከጀመሩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ መንስኤው ኢንፌክሽን ወይም መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ይታዩ።

ወዴት እንደሚሄዱ በግልጽ ይንገሯቸው። ተታለው የመጡ እናት ሁለተኛ አይመለሱም።

ዋናው ነገር አስተርጓሚው ነው። ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ ደርሰው መጠየቅ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል። ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ዘዬውንም ይናገሩ፤ ወንድ ወይም ሴት የሚመርጡ ከሆነም ይግለጹ። ንግግሩ ሁለት ጊዜ ስለሚነገር እጥፍ ሰዓት ይለምኑ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አያስተርጉም፦ ወላጅ በልጁ ፊት «ሞት ይሻለኛል» ማለት ይከብደዋል፣ ልጅም ደንግጦ ያለዝበዋል። ማኅበረሰቡ ትንሽ ከሆነ አስተርጓሚው የሚያውቁት ሰው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ይጠይቁ፣ የወላጅዎ ስምም ለአስተርጓሚው አይነገረው።

የማስታወስ ፈተና በሁለተኛ ቋንቋ ከተሰጠ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ሩዳስ የሚባለውን ይጠይቁ፤ አውስትራሊያ ውስጥ የተለያየ ቋንቋና ባህል ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ከ30 ነጥብ 22 እና ከዚያ በታች ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ባህላዊዎቹን ጨምሮ መድኃኒቶቹን ሁሉ በከረጢት ይውሰዱ። የድባቴ መድኃኒት ለአረጋውያን በትንሽ መጠን ይጀመራል፣ ለመሥራትም ሳምንታት ይወስዳል። ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቋርጡት በዚህ መሐል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደናገር ወይም መውደቅ ከመጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ሐኪሙን ያግኙ።

ስለ ሞት ካወሩ «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይተዉዋቸው፤ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።