ለሥራ የሚሆን የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየግቢው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለውን ጽሑፍ እያየን ስላደግን ይመስለኛል፣ ቡችላ እንድመርጥላቸው የሚጠይቁኝ ሰዎች፣ ከአራት ኪሎ ቢነሡም ከካዛንቺስ፣ ገና መኪና ውስጥ እንደገባን የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኃይለኛውን ምረጥልኝ» ይሉኛል። አርቢው ግቢ ስንደርስም ከወንድሞቹ ተለይቶ፣ ጥግ ይዞ፣ የጀርባውን ፀጉር አቁሞ የሚጮኸውን ቡችላ እያሳዩኝ «ያውና፣ የኔ እሱ ነው!» ይላሉ። ውሻ ማሠልጠን ከጀመርኩ ወዲህ ደጋግሜ ያየሁትና አሁንም ድረስ የሚያንገበግበኝ ስህተት ይህ ነው።

የሰባት ወይም የስምንት ሳምንት ቡችላ የሚጠብቀው ቤትም ንብረትም የለውም። በዚህ ዕድሜው እንግዳ ባየ ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ የሚጮህ፣ ጅራቱን ከሆዱ ሥር የሚሸጉጥ፣ እጅ ሲዘረጋለት የሚናከስ ከሆነ፣ የምናየው ኃይለኛነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። የሥራ ዘር ወይም ወርኪንግ ላይን የሚባለው የጀርመን ሸፐርድ ለዘመናት ሲመረጥ የቆየው ለዚህ ተቃራኒ ለሆነ ጠባይ ነው። ዝርያውን በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማኅበር ያቋቋሙት ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የፈለጉት ከእረኛ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚሠራ፣ የሚታዘዝና የማይደነግጥ ውሻ ነበር። ዛሬም አይጂፒ የሚባለው የሥራ ውሾች ፈተና ዱካ መከተልን፣ መታዘዝንና መከላከልን በሦስት ክፍል ይመዝናል፤ ውሻው የተኩስ ድምፅ እየሰማ ሥራውን መቀጠል፣ የያዘውንም በአንድ ቃል መልቀቅ አለበት። ፈሪ ውሻ ይናከስ ይሆናል፤ ልቀቅ ሲባል ለመልቀቅ ግን ልቡ መረጋጋት አለበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የካዛንቺስ ነዋሪ ምክሬን ሳይቀበሉ ያንን ጥግ ይዞ የሚጮኸውን ቡችላ ወሰዱ። ውሻው 14 ወር ሲሆነው የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣን ወጣት ከኋላው ደርሶ ባቱን ነከሰው። ስጠራ ሄጄ ውሻውን ያገኘሁት መኪና ሥር ገብቶ፣ ሽንቱ አምልጦት ሲንቀጠቀጥ ነው። ወጣቱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ጀመረ፤ ውሻው ደግሞ 10 ቀን ተዘግቶበት በክትትል ቆየ። ሰውየው ለሦስት ቀን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ሲነግሩኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ፤ ቡችላውን የመረጡ ዕለት እጃቸውን ይዤ ከአርቢው ግቢ ባለማስወጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንዴት ይታወቃል ለሚለኝ ሰው የማደርገውን ልንገር። ቡችሎቹ ሰባት ሳምንት ሲሞላቸው አንድ በአንድ ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ለይቼ፣ አይተውት ወደማያውቁት ጥግ እወስዳቸዋለሁ። ከዚያም ሁለት ሜትር ያህል ርቄ አንድ የብረት ትሪ ሲሚንቶ ላይ እጥላለሁ። ሁሉም ይደነግጣሉ፤ መደንገጥ ጥፋት አይደለም፤ የማየው ከድንጋጤው በኋላ ያለውን ነው። ባለፈው ያየኋት አንዲት ግራጫ ቡችላ ሁለት እርምጃ ሸሸች፣ ዞር ብላ ትሪውን አየችው፣ አንገቷን አስግጋ ቀስ እያለች ተጠጋችና በአፍንጫዋ ጠርዙን ነካችው፤ ትሪው ሲንቀሳቀስ ደግሞ በእግሯ መታችው። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሟ ግን በር ሥር ገብቶ፣ ምግብ ቢቀርብለትም አልወጣም። ቀጥሎ ጨርቅ በገመድ አስሬ መሬት ለመሬት እጎትታለሁ፤ ተከትሎ የሚይዝና ይዞ የማይለቅ ቡችላ ለሥልጠና ይመቻል። ይህ ሙከራ የወደፊቱን ሁሉ አይናገርም፤ ነገር ግን ትሪውን ፈርቶ የማይመለሰውን ቡችላ ለሥራ እንዳንወስድ ያስጠነቅቀናል።

ሁለተኛው ስህተት እናቲቱን ሳያዩ መግዛት ነው። ደላላ በስልክ በላከው ፎቶ ተማምኖ፣ ለገሃር ወይም ሜክሲኮ መንገድ ዳር በካርቶን የመጣ ቡችላ የሚረከብ ሰው ስለ ቡችላው የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እናቲቱ ቡችሎቿን ለመጠበቅ ብትጮህ አልከፋም፤ ጌታዋ አረጋግቶ ሲያወጣትና ከእኔ ጋር በግቢው ሲያዘዋውራት ግን ዘና ማለት አለባት። አባትየው የሌላ ሰው ቢሆንም ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። «ዛሬ ታማለች፣ ዘመድ ቤት ናት» ከተባልኩ ጉዞዬን በዚያው አበቃለሁ።

ቡችላን በአንድ ወሩ መውሰድን በተመለከተ፣ ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። በሰፈራችን «ዓይኑ እንደገለጠ ካልመጣ አይለምድም» ይባል ስለነበር የመጀመሪያዋን ውሻዬን በአምስት ሳምንቷ ከእናቷ ነጠልኳት። ቡችላ ሲጫወት አጥብቆ ከነከሰ ወንድሙ ጮሆ ጨዋታውን ያቋርጥበታል፣ እናቱም ትቆጣዋለች፤ የጥርሱን ኃይል መመጠን የሚማረው ከዚህ ነው። እሷ ይህን ሳትማር ስለመጣች እጄና የልጆቹ ክንድ ለወራት ቁስል አላጣውም፤ እሷን ግን አልወቅሳትም። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው፤ በአምስት ሳምንት የሚሸጥ አርቢ የሚቆጥበው የምግብ ወጪ ነው።

ስለ ቀለም፣ ስለ ጆሮና ስለ ግዝፈት ብዙ አልጽፍም። ጀርባው ጥቁር እግሩ ቀይ ካልሆነ «የሐበሻ ውሻ ተቀላቅሎበታል» የሚሉ አሉ፤ የሥራ ዘር ብዙውን ጊዜ ተኩላ የመሰለ ግራጫ ወይም ጥቁር ነው፣ በዝርያው መዝገብ መጀመሪያ የገባው ሆራንድም ግራጫ ነበር። ጆሮ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ በስምንት ሳምንት መውደቁ ምንም አይደለም። የወንዱ ልክ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ቁመትና ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው፤ 55 ኪሎ ይሆናል ብሎ የሚመካ ሻጭ የሚናገረው ስለ ሌላ ውሻ ነው።

«ፒዩር ነው» የሚል ቃልና የታተመ የዘር ሐረግ የዳሌን ጤና አያረጋግጡም። የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት በዚህ ዝርያ በዘር የሚተላለፍ ትልቅ ችግር ነው። ቡችላው ላይ በስምንት ሳምንት አይታይም፤ የሚታየው ዕድሜያቸው ከ12 ወር በኋላ በተነሣው የወላጆች ራጅ ነው። በአብዛኛው አውሮፓ በሚሠራበት ደረጃ «ኤ» የተባለው ጤናማው ሲሆን «ዲ» እና «ኢ» የተባሉት ለእርባታ መዋል የለባቸውም። ወላጆቹ ከውጭ የመጡ ከሆነ ውጤቱ ወረቀታቸው ላይ ይገኛል፤ ወረቀቱም የዚያው ውሻ መሆኑን ለማወቅ በላዩ ያለውን ባለ 15 አሃዝ የቺፕ (ከውሻው ቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ) ቁጥር የእንስሳት ሐኪሙ በማንበቢያ መሣሪያ ከውሻው ጋር ያመሳክር። ራጅ ጭራሽ ያልተነሣ ከሆነ አርቢው እንዲያስነሣ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በቅንነት የሚሠራ አርቢ በጥያቄው አይቀየምም።

የክትባት ካርድ ላይ ማኅተም ብቻ አይታይ። የክትባቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና ከጠርሙሱ የተላጠው ወረቀት ካሉበት ካርዱ ይታመናል። ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት ቡችላ ገዳይ በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ተጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላ ይደጋገማል፤ «አንዴ ተከትቧል፣ ጨርሷል» የሚባለው ስህተት ነው። የፓርቮ ተሕዋስ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ቀድሞ ቡችላ የሞተበት ግቢ ወለሉ በተበጠበጠ በረኪና ሳይታጠብና ጊዜ ሳይሰጠው አዲስ ቡችላ ማስገባት አሳዛኝ ነው። የሆድ ትል መድኃኒት ምን እንደተሰጠውም ይጠየቅ፤ ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን በግምት ቡችላ ላይ የሚወጉ አርቢዎች አጋጥመውኛል። በጀርመን ሸፐርዶች መካከል መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከላከለው ጂን የተበላሸባቸው አሉ፤ እነዚህ በከብት መጠን ከተወጉ ሊንዘፈዘፉ፣ ራሳቸውን ሊስቱና ሊሞቱ ይችላሉ።

ሁለት ወንድማማች ቡችሎችን በአንድ ጊዜ አይግዙ፤ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሰውን ይረሳሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ውሻው ማን ጋር እንደሚውል ሳይታሰብ ይገዛል። ባለቤቱ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት ከገባ፣ ውሻውን የሚያበላው፣ የሚፈታውና የሚያሰማራው የግቢው ጥበቃ ነው። የሥራ ዘር በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ይፈልጋል፤ በሰንሰለት ታስሮ ከዋለ በሩን ይቦጫጭራል፣ እየዞረ ጅራቱን ያሳድዳል። በሁዳዴ ልኳንዳ ሲዘጋም 55 ቀን ሙሉ ውሻው ምን እንደሚበላ አስቀድሞ የሚያስበው ያው ጥበቃው ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ቡችላ ሲመረጥ ጥበቃውን ይዞ የመጣ ገዢ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠሩ አዛውንት ጥበቃ ነበሩ፤ ሁላችንም ትልቁን ወንድ ስናይ እሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ቆዩ። ትንሿ ሴት ቡችላ መጥታ ዱላቸውን አሸተተች፣ ጫፉን በጥርሷ ያዘች፣ እሳቸው ሲራመዱም ሳትለቅ ተከተለቻቸው። «ጌታዬ፣ ይቺ ከሰው ጋር ትሠራለች» አሉ። ትሪውን ስጥልላትም ተመልሳ አሸተተችው። እሷን ወሰዱ፤ ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው፣ ማታ ማታ ከአዛውንቱ ጎን እየሄደች ግቢውን ትዞራለች፣ በቀን ልጆች በጎኗ ሲያልፉ ደግሞ ራሷን እንኳ ቀና አታደርግም። ከአርቢ ጋር ቀጠሮ ሲይዙ ከግቢዎ ጥበቃ የዕረፍት ቀን ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመው ይጠይቋቸው።